ካሊበርን በሊኑክስ ላይ መጫንና ማዘመን

የሴሚስተሩ ፒዲኤፍና ኢቡክ በየፎልደሩ ተበትኖ ለተቸገራችሁ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዛሬ ስለ ካሊበር እጽፋለሁ። ካሊበር ኮቪድ ጎያል እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ ኢቡኮችን የሚያደራጅና ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም ነው።

ኡቡንቱ ላይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ራሱ የሶፍትዌር ማከማቻ ነው። እዚያ ያለው ካሊበር ይሠራል፤ ችግሩ እርጅናው ነው። ኡቡንቱ 22.04 በኤፕሪል 2022 ሲወጣ ካሊበር 5ን ይዞ ወጣ። ካሊበር 6 የመጣው በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ነው። ማከማቻው ግን በየቀኑ «አፕዴት» ብትሉትም ከ5 አይነቃነቅም፤ ፕሮግራሞቹ እንዳይናጉ ተብሎ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ለሰርቨር ደግ ጠባይ ነው፤ አዲስ የኢቡክ ማንበቢያ ለገዛ ተማሪ ግን አይመችም።

ስለዚህ እኔ የምጭነው በቀጥታ ከካሊበር ድረ ገጽ ነው። ከማከማቻው የጫናችሁት ካለ አስቀድማችሁ አጥፉት፤ መጻሕፍቶቻችሁ አይነኩም። ከዚያ በድረ ገጹ የሊኑክስ ማውረጃ ላይ ያለችውን ረጅም ትዕዛዝ ገልብጣችሁ ተርሚናል ላይ ለጥፉ። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም። የአድሚን ፈቃድ በሌላችሁ የኮሌጅ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ፣ በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ብቻ የሚጭን ሌላ ትዕዛዝ እዚያው ገጽ ላይ አለ። ሊኑክሳችሁ በጣም ካረጀ አዲሱ አይሄድለትም፤ የቆዩ እትሞችም እዚያው ይገኛሉ።

ማዘመኑ ደግሞ ይቀላል። አዲስ እትም ሲወጣ ካሊበር ይነግራችኋል፤ ራሱን ግን አያድስም። ዘግታችሁ ያንኑ ትዕዛዝ ደግማችሁ አስኪዱ፤ አሮጌውን በአዲሱ ይተካዋል።

ከማዘመን በፊት ግን ቅጂ ያዙ። መጻሕፍቱ ያሉት ከፕሮግራሙ ተለይተው «ካሊበር ላይብረሪ» በሚባል ፎልደር ነው፤ በውስጡ «ሜታዳታ ዶት ዲቢ» የምትባል ፋይል አለች። ርዕስ፣ ደራሲ፣ መለያና አስተያየት ሁሉ እሷ ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ ካሊበር መረጃውን ከኢንተርኔት ፈልጎ ያመጣዋል። የአማርኛውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊደል በፊደል የምንሞላው እኛው ነን፤ ፋይሏ ከጠፋች የሚጠፋው የእኛ ሌሊት ነው። ስለዚህ ፋይሏን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፎልደሩን ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅዱ። ጎግል ድራይቭ ላይ የቅጂ ቅጂ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዋናውን ላይብረሪ ግን እዚያ አድርጋችሁ ከሁለት ኮምፒውተር አትክፈቱት፣ ዳታቤዙ ይበላሻል።