ዘፋኙ ዝም ሲል፤ ስለ ሙዚቀኛ የውስጥ ሕይወትና ስለ ልብ ወለድ



ከሥነ ጽሑፍ ክፍል የምንገኝ ጥቂት ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓታችን መጻሕፍት እያነበብን ስንወያይ ከርመናል። ከመካከላችን ሦስታችን የአዋበል ልጆች ነን፤ ይኸውም ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ በመንገድ ላይ ከምትገኘው ከሉማሜ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ዘፋኝ መድረኩን ለቆ፣ ጭብጨባው አብቅቶ፣ በሩን ዘግቶ ብቻውን በተቀመጠ ጊዜ በልቡ የሚመላለሰውን ነገር ደራሲ ሊያውቀው ይችላልን? ቢያውቀውስ ሊጽፈው ይገባዋልን? ጥያቄው የመጣብን ከውጭ አገር መጽሐፍ ነው፤ ክርክሩ ግን ዞሮ ዞሮ ሉማሜ ጠላ ቤት ውስጥ መሰንቆውን ታቅፎ ከተቀመጠው አዝማሪ ዘንድ አደረሰን።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ደራሲ ዶን ዴሊሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው «ግሬት ጆንስ ስትሪት» ነው። ስሙ በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኝ የአንድ መንገድ ስም ነው። ባለ ታሪኩ ባኪ ዋንደርሊክ የሚባል ዝነኛ የሮክ ዘፋኝ ሲሆን፣ ከባንዱ ጋር እየዞረ ትርዒት በሚያሳይበት ወራት በድንገት ሁሉን ጥሎ ይጠፋና በዚያ መንገድ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይሸሸጋል። ታሪኩን የሚነግረን እርሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው የሚያስደንቀው፤ ሰውየው ዝም ባለ ቁጥር ሰዎች የበለጠ ይፈልጉታል። ለሕዝብ ያላሰማው ዘፈን ገዢ ያገኛል፤ የት ገባ የሚለው ወሬ ገዢ ያገኛል፤ በመጨረሻም ዝምታው ራሱ ሸቀጥ ይሆናል። እንደ እኛ አስተያየት የመጽሐፉ ኋለኛው ክፍል በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ወሬ ስለሚጨናነቅ የሰውየው ልብ ከዐይናችን ይሰወራል። ቢሆንም ቅሉ ከሌላ መጽሐፍ ያላገኘነውን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ይኸውም አድማጭ ከዘፋኝ የሚፈልገው ዘፈኑን ብቻ አለመሆኑን ነው። ቁስሉንም ይፈልጋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ መሆኑን ሁላችንም በክፍል ተምረናል። አመስጋኝ ማለት የነበረው ቃል ከጊዜ በኋላ በብዙ ሰው አፍ ስድብ ሆኖ ቀረ። አሁን ግን ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው የቃሉን ታሪክ ሳይሆን የሥራውን ጠባይ ነው። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ከቤቱ መካከል ሲቆም ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል። አዝማሪውም የሰውየውን ግጥም ተቀብሎ፣ በዜማ አስውቦ፣ ለቤቱ ሁሉ መልሶ ያሰማል። ስለ ተከዳ ፍቅር የሚናገር ግጥም ከሆነ አዝማሪው የተከዳ ሰው ሆኖ ያለቅሳል። ስለ ጀግንነት የሚናገር ከሆነ ደግሞ ይፎክራል። በአንድ ምሽት የሃያ ሰው ልብ በእርሱ አፍ ያልፋል፤ የራሱ ልብ ግን ተራ አይደርሰውም። የገዛ ሐሳቡን ለማሰማት ሲፈልግም በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ነው የሚያቀርበው፤ ወርቁን የሚያገኘውም የሚያገኝ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኛ አዝማሪ ከኒው ዮርኩ ዘፋኝ በተለየ መንገድ ተሸሽጓል እንላለን። ያኛው ለመሸሸግ በር ይዘጋል። የእኛው ግን በሰው መካከል ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየዘፈነ ይሸሸጋል።

መሸሸጉ ያለ ምክንያት አይደለም። አዝማሪ የሚወደድበትና የሚናቅበት ቤት አንድ ነው። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት ሰው ልጁን ስጠኝ ቢለው ፊቱን ያጠቁርበታል። በሌላ በኩል ደግሞ አፉ ይፈራል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት መንግሥት ካሳደዳቸውና ካስገደላቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችም ነበሩ። ወሬ ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርሱት እነርሱ ስለ ነበሩ ነው። በእንዲህ ያለ ኑሮ የኖሩ ሰዎች ለራሳቸው ብቻ የሚሆን ቋንቋ ቢፈጥሩ አያስደንቅም፤ ይህንንም የምስጢር ቋንቋ ዎልፍ ሌስላው የተባሉት ሊቅ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1952 ጽፈውበታል። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሚዘፍኑትን ላሊበሎች ደግሞ አስቡ። መዝፈን ቢያቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው እንደሚያምኑ ሲነገርላቸው ኖሯል። ድምፁን ካላሰማ ሰውነቱ የሚቆራረጥ የሚመስለው ሰው በብርድ ጎሕ ከሰው ደጅ ቆሞ ምን ያስባል? ለልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል?

የሚገርመው ግን ባነበብናቸው ታላላቅ የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ አዝማሪ የሚገኘው በሠርግና በግብዣ ምዕራፍ ብቻ ነው። ይገባል፣ ሁለት ስንኝ ይላል፣ ይሸለማል፣ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ደራሲው አይከተለውም።

ደራሲዎቻችን ወደ ሰው ልብ መግባት ስለማይችሉ ነውን? አይደለም። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ልብ እንዴት አድርገው እንደ ከፈቱልን አስታውሱ። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ በስለትና በሰብለ ወንጌል ፍቅር መካከል ተወጥሮ ሲጨነቅ ጭንቀቱን ከውጭ ሆነን አናይም፤ አብረነው እንጨነቃለን። መጽሐፉ የሚያነሣት ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ከቢቸና በኩል ለመጣችሁ ተማሪዎች የሰፈር ያህል ናት። በዓሉ ግርማም በ1962 ዓ.ም. በ«ከአድማስ ባሻገር» ሥዕል ሥዕል የሚለውን አበራ ወርቁን፣ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በ«ደራሲው» ከብዕሩም ከመጠጡም ጋር የሚታገለውን ሲራክን ሰጥቶናል። የኋለኛው በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል እንደ ተቀረጸ ብዙዎች ይናገራሉ። እንግዲህ የቤተ ክህነቱ ተማሪ፣ ሠዓሊውና ደራሲው ልባቸውን የሚናገርላቸው ሰው አግኝተዋል። ዘፋኙ ግን ገና ነው። እኛ እንደሚመስለን ንቀቱ ከማኅበራዊ ኑሯችን አልፎ ወደ መጽሐፋችንም ስለ ገባ ነው። አዝማሪ ያስደስታል እንጂ ያስባል ብለን አልገመትንም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ «የታወቀ ዘፋኝ ሕይወት እያለ ለምን እንፈጥራለን? የጥላሁን ገሠሠን ሕይወት ወስዶ መጻፍ ነው» ሲል ተከራከረ። የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። በወሊሶ ያደገው ልጅ በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ስመ ጥር ሆነ፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታሰረ። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን አጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዕለት ዐረፈ። ስለ አንገቱ ጉዳት አገሩ ሁሉ አውርቷል፤ ይህ ነው፣ ያ ነው ተብሏል። እርሱ ግን ምስጢሩን ለሕዝብ ሳይገልጥ አለፈ።

ጓደኛችን ያንን ዝምታ ደራሲ ይሙላው ባይ ነው። ሌሎቻችን በብርቱ ተቃወምነው። አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ድምፁን ለሕዝብ ሰጥቶ አንዲት ነገር ብቻ ለራሱ ቢያስቀር፣ እርስዋን ከሞተ በኋላ በስሙ ፈጥሮ መጻፍ የዚያ የኒው ዮርክ ገበያ ደንበኛ መሆን ነው። ቤተሰብም አለ፤ ወዳጅም አለ። ደራሲው ይህን የመሰለ ቁስል ሊጽፍ ከፈለገ ሌላ ስም፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ድምፅ ያለው ሰው ይፍጠር። በዓሉም ሲራክ ብሎ ሰየመ እንጂ ስብሐት አላለም።

በዚህ ክርክር ላይ ሌላ መጽሐፍ ተጠቀሰብን። በስሪ ላንካ ተወልዶ በካናዳ የሚኖረው ማይክል ኦንዳቼ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ልብ ወለድ ስለ በዲ ቦልደን በእውነተኛ ስሙ ጽፏል። ቦልደን የኒው ኦርሊንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ከአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ገብቶ በ1931 እዚያው ሞተ። የነፋው ሙዚቃ በሸክላ ተቀርጾ አልተገኘም። ሰውየው ያለ ድምፅ ቀርቶ ነበርና ደራሲው ድምፅ ሰጠው ማለት ይቻላል። የጥላሁን ነገር ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው፤ ድምፁ በየቤታችን አለ።

የተመዘገበ ታሪክ ሆኖ ለደራሲ የሚያስተምር ግን ሞልቷል። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብረው ከሄዱት መካከል ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነ በዚያው ቀሩ። ግርማ የብዙ ዝነኛ ዘፈኖች አቀናባሪ የነበረ ሰው ነው፤ በዋሽንግተን ነዳጅ ማደያ ውስጥ እየሠራ ከሙዚቃ ርቆ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራው እንደ ገና ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ከተሳፋሪዎቹ ስንቱ ማን እየነዳው እንደ ሆነ ዐውቆ ይሆን? እኛን የያዘን ግን ዝናው ተመልሶ የመምጣቱ ነገር አይደለም፤ ያ ጥሩ ዜና ነው፣ ለጋዜጣ ይበቃል። የያዘን ማንም በማይሰማበት መኪና ውስጥ ጣቱን ሲያፍታታ የቆየበት ዘመን ነው። ዝና ከሌለ፣ ገንዘብ ከሌለ፣ አድማጭ ከሌለ ጣት ለምን ይለማመዳል? ሙዚቀኛን የሚጽፍ ደራሲ መልስ መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር እንጨምር። ሙዚቀኛ የሚያስበው እንደ እኛ በቃል ብቻ አይመስለንም። ለምሳሌ ያህል መሰንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ያውም የፈረስ ጭራ። ጣት በጥቂቱ ከተንሸራተተ ዜማው ይበላሻል፤ ጭራው በእርጥበት ይላላል፤ ቆዳው በብርድ ይረግባል፤ ደጋኑ ሙጫ ካልነካው አይናገርም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚያስበው ስለ ክሩ ነው፤ ገበሬ ስለ አዝመራው እንደሚያስበው ማለት ነው። ኀዘን ሲደርስበትም «አዘንሁ» ከማለቱ በፊት ጣቱ ወደ ትዝታ ቅኝት ይሄዳል። ደራሲ «ባለ ታሪኩ እጅግ ተከፋ» ብሎ ከጻፈ የማንንም ሰው መከፋት ጻፈ። ባቲን የጀመረ ሰው ሳያስበው አንቺሆዬ ውስጥ ራሱን ቢያገኘው ግን፣ ይህ የሙዚቀኛ መከፋት ነው። መጠጥና ሴት፣ ዕዳና ጠብ በየቦታው መደርደር ቀላል ነው፤ ስለ ሙዚቀኞች የሚጻፉ የውጭ ልብ ወለዶችም በዚሁ ሲሞሉ አይተናል። ችግር የበዛበትን ሰው የምንወደው ስለ ችግሩ ከሆነ ሙዚቃው ምን ሊያደርግልን ነው?

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛው አውራጃ የመጣ፣ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ተማሪ አለ። መሰንቆ ይጫወታል። የሚጫወተው ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ከደጋኑ ሥር ፎጣ አስገብቶ ነው። የሚፈራው የዶርሙን ጠባቂ አይደለም፤ ወሬው ሉማሜ ደርሶ «ዩኒቨርሲቲ ልከነው አዝማሪ ሆነ» እንዳይባል ነው። አባቱ ሠርግ ሲሆን አዝማሪ ፈልገው የሚያስመጡ ሰው ናቸው። አንድ ምሽት ለምነነው ከተጫወተልን በኋላ ምን ይሰማሃል ብለን ጠየቅነው። መሰንቆውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና «እስኪ አንድ ግጥም ስጡኝ፤ በእርሱ ልንገራችሁ» አለን። ሰጠነው፤ ተቀበለ።

ሊጻፍ ይገባዋል በምንለው ልብ ወለድ አጀማመር ላይ አልተስማማንም። እኩሌቶቻችን ከዋሽንግተን፣ ከታክሲው ውስጥ ይጀምርና በትዝታ ወደ ጎጃም ይመለስ እንላለን። የአዋበል ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለው አካሄድ የሰለቸ ነው፣ ታሪኩ ከሉማሜ ይነሣ፣ ልጁ ከጣሳና ከፈረስ ጭራ የመጀመሪያውን መሰንቆ ሲሠራ እንየው፣ ጭራውን የሰረቀበትን ፈረስ ባለቤትም እንወቀው እንላለን። ክርክሩ አልተቋጨም። ሁለት ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ በየፊናቸው መጻፍ ጀምረዋል።