ሰርኩላር መጋዝ ከመግዛታችን በፊት መብራታችንን እንወቅ



በዛሬው የሙያ ትምህርታችን በመኖሪያ ግቢው ለሚሠራ አናጢ የሚስማማው ሰርኩላር መጋዝ እንዴት እንደሚመረጥና ኃይል እንዴት እንደሚያገኝ እንመለከታለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው በደቡብ ካርቱም ከምትገኘው ከካላክላ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት በካርቱም በርካታ ትራንስፎርመሮች ተጎድተዋል፤ የመዳብ ሽቦም ከየመስመሩና ከየቤቱ እየተነቀለ ተዘርፏል። ስለሆነም በዚያ ሥራውን እንደገና የሚጀምር አናጢ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛው መጋዝ ይሻላል?» ብሎ ሳይሆን «ያለኝ መብራት የትኛውን መጋዝ ይችላል?» ብሎ ነው። በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ማሽን በሳምንቱ ቢቃጠል የሚጎዳው መላው ቤተሰብ ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

1. ሥራችንን መለየት

ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድና ቀጭን ጣውላ ብቻ የሚቆርጥ ሰው ባለ 200 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይበቃዋል። የአንገረብ እግርና ወፍራም ሞራሌ የሚሰነጥቅ ግን ባለ 250 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ይህ ዲስክ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከ75 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆርጣል። በሱዳን በብዛት የምንሠራበት ሱንት ከግራር ወገን የሆነ፣ ለባቡር ሐዲድ መደገፊያ ሳይቀር ያገለገለ ጠንካራ እንጨት ነው። ስለዚህ በርዝመቱ ለመሰንጠቅ 24 ያህል ጥርስ ያለው፣ አቋርጦ ለመቁረጥ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ጥርስ ያለው ዲስክ እንጠቀም። የደነዘ ዲስክ ሞተሩን ያስጨንቃል፤ ብዙ መብራትም ይበላል።

2. ሞተሩን መምረጥ

ሀ/ ባለ ካርቦን ሞተር፦ ቀላል፣ በፍጥነት የሚሽከረከርና ጩኸታም ነው። ካርቦኑ እያለቀ ይለወጣል። በቀላሉ ስለሚነሣና መብራት ሲዋዥቅ የተሻለ ስለሚችል ለአነስተኛ የቤት ሥራ ይሆናል።

ለ/ ካርቦን የሌለው (ኢንዳክሽን) ሞተር፦ ከባድ፣ ጸጥ ያለና ዕድሜው ረጅም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን በቺንጋ ያዞራል። ሆኖም ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኃይል ይስባል። መብራቱ ደካማ ከሆነ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ቶሎ ካልጠፋም ይቃጠላል።

ከመግዛታችን በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ እናንብብ። የሱዳን የቤት መስመር 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «110 ቮልት» የሚል ማሽን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። «400 ቮልት» ወይም «ስሪ ፌዝ» የሚለው ደግሞ ዋጋው ቢረክስም፣ ሦስት ፌዝ ያልገባለት ቤት ውስጥ ሊሠራ አይችልም። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር 1.5 ኪሎዋት ያህል ነው ማለት ነው፤ ይህም በሙሉ ጭነት 10 አምፔር ገደማ ይስባል።

3. ሽቦውን ማስላት

ይህን ሞተር ከቆጣሪው 30 ሜትር ርቀት ላይ አቆምነው እንበል። ኃይሉ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 60 ሜትር ይሆናል። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ ሲሠራ የሚባክነው 7 ቮልት ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ግን 60 አምፔር ቢስብ 42 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። መስመሩ ራሱ ወደ 200 ቮልት ወርዶ ከነበረ ሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው 160 እንኳ አይሞላም፤ የመነሻ ጉልበቱም ከግማሽ በታች ይሆናል። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብንዘረጋ ግን ብክነቱ ወደ 16 ቮልት ይወርዳል። በመዳብ ፈንታ አሉሚኒየም ከተዘረጋ ብክነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚሆን ከዚያ የወፈረ ያስፈልጋል። ስንሠራም የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ከቆየ ይግላል።

4. መብራት በሌለበት

ለ1.5 ኪሎዋት ኢንዳክሽን ሞተር 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ያህል ጀነሬተር እንፈልግ። ጀነሬተር ምንጊዜም ከቤት ውጭ ይቁም፤ ጢሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለውና።

በፀሐይ ኃይል ለመሥራትም ይቻላል። 1.8 ኪሎዋት የሚስብ መጋዝ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 1.2 ያህል ስለሆነ ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩም የመነሻውን ኃይል የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ በፀሐይ ለሚሠራ፣ ጀምበር ሳለች መቁረጥና ማለስለሻውን በእጅ ለማታ ማቆየት ይመረጣል።

5. ጣታችንን መጠበቅ

መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ሰፈር ትልቁ አደጋ ይህ ነው፦ መጋዙ በሥራ ላይ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ አናጢው ማብሪያውን ይረሳና ሰጋቱራውን በእጁ መጥረግ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ መብራቱ ይመጣል። ስለሆነም መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚጠፋና ሰው ካልነካው የማይነሣ ማብሪያ ይገጠምለት። ይህ ካልተገኘ መብራት እንደሄደ ወዲያውኑ ሶኬቱን እንንቀል።

ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆመውን ስስ ብረት አናውጣ፤ እንጨቱ ዲስኩን ጨምድዶ ወደ እኛ እንዳይወረወር የሚከላከል ነውና። ጠባብ እንጨት በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ ይገፋ። የመሬት ሽቦ ይኑር። ሀቡብ ካለፈ በኋላም ሶኬቱን ነቅለን የሞተሩን መተንፈሻ በደረቅ ብሩሽ እንጥረግ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. መጋዛችሁ የሚቆምበት ቦታ ከቆጣሪው ስንት ሜትር ይርቃል? የሽቦው ውፍረትስ?
2. ሞተሩ ካጉረመረመና ካልዞረ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
3. መብራት ሄዶ ቢመጣ መጋዛችሁ በራሱ ይነሣል? ዲስኩን አውጥታችሁ፣ ማብሪያውን እንደበራ ትታችሁ፣ ከዋናው ብሬከር በማጥፋትና በማብራት ዛሬውኑ ፈትኑት።