ስምንት ደቂቃን ችላ ያላለው ዮሐንስ ኬፕለር



ከመካከላችን ሳይንስ የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። «ሰማይን የሚመረምር ሰው ሃይማኖቱን ይተዋል» ሲባልም እንሰማለን። እኛም ይህን አነጋገር በዮሐንስ ኬፕለር ሕይወት ልንመረምረው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬፕለር በ1571 በጀርመን አገር ቫይል ዴር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ፈንጣጣ ዓይኑን አደከመው፤ ከዋክብትን ለሚመረምር ሰው ይህ እንዴት ያለ ፈተና ነው! በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የተማረው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን በ1594 የሒሳብ መምህር ሆኖ ወደ ግራትስ ተላከ። በኋላም እግዚአብሔር በሥነ ፈለክ ሥራው እንደሚከበር መረዳቱን ለመምህሩ ለሜስትሊን ጻፈለት።

በ1600 በሉተራዊ እምነቱ ምክንያት ከግራትስ ሲባረር ፕራግ ገብቶ ከዴንማርካዊው ጠቢብ ከቲኮ ብራሄ ጋር ሠራ። ቲኮ ቴሌስኮፕ ሳይኖር በትላልቅ መለኪያዎች የፕላኔቶችን ቦታ ለብዙ ዓመታት የመዘገበ ሰው ነው። በ1601 ሲሞት መዝገቡ በኬፕለር እጅ ገባ።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት። በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት፣ ክብ ፍጹም ቅርጽ ነውና ፕላኔት በክብ እንጂ በሌላ መንገድ አይሄድም ይሉ ነበር። ኬፕለርም የማርስን መንገድ በክብ ለማስላት ደከመ፤ ስሌቱንም 70 ጊዜ ያህል ደጋገመው። በመጨረሻ ውጤቱ ከቲኮ መዝገብ በስምንት ደቂቃ ብቻ ተለየ። ይህ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ የሆነ የማዕዘን ልክ ነው። ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ ስፋቷ 30 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ስምንት ደቂቃ የእርስዋን ሩብ ያህል ነው። «የመለኪያ ስሕተት ነው» ብሎ ቢያልፈው ማን ይጠይቀው ነበር? እርሱ ግን ቲኮን የመሰለ ትጉህ ታዛቢ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ስጦታውን ማቃለል አይገባም ብሎ የደከመበትን ስሌት ጣለና እንደ ገና ጀመረ። በ1609 «አዲስ ሥነ ፈለክ» በተባለው መጽሐፉ የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑን፣ ማርስም ወደ ፀሐይ ስትቀርብ እንደምትፈጥን፣ ስትርቅ እንደምትዘገይ አስረዳ።

ነቀፋ የለበትም አንልም። ለእንጀራው ሲል የመጪውን ዓመት ሁኔታ የሚተነብይ የኮከብ ቆጠራ ጽሑፍ ያዘጋጅ ነበር፤ አብዛኛውን ኮከብ ቆጠራ ቢነቅፍም ፈጽሞ አልተወውም።

መከራውም ብዙ ነበር። በ1611 ሚስቱና ትንሽ ልጁ ሞቱበት። በ1612 ወደ ሊንትስ ሲሄድ፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ጌታ ሥጋ የደነገገችውን የእምነት ቃል ሁሉ ለመቀበል ሕሊናው ስላልፈቀደለት ከቅዱስ ቁርባን ተከለከለ። እጅግ አዘነ፤ አቤቱታም አቀረበ፤ አልተፈቀደለትም። ሆኖም ለጥቅም ብሎ አልፈረመም፤ ተቀይሞም እምነቱን አልለወጠም። ከሁሉ የከፋው በእናቱ ላይ የደረሰው ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆናት ካታሪና «ጠንቋይ ናት» ተብላ በ1620 ታሰረች። የመንደር ሐሜት ምን ያህል እንደሚገድል እናንተም ታውቃላችሁ። ኬፕለር ሥራውን ትቶ ወደ እናቱ ሄደ፤ ክሱን አንድ በአንድ እየመረመረ ተከራከረላት። የማሠቃያ መሣሪያ ቢያሳዩአትም ያላደረገችውን አላመነችም። ከ14 ወር እስራት በኋላ በ1621 ተፈታች፤ በተከታዩ ዓመት ግን ዐረፈች።

ኬፕለር በቲኮ መዝገብ ላይ የተመሠረተውን የፕላኔቶች ሰንጠረዥ በ1627 አሳተመ። በዚህም ሰንጠረዥ መሠረት ሜርኩሪ በኖቬምበር 1631 በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ አስቀድሞ አስታወቀ። እርሱ በኖቬምበር 1630 በሬገንስቡርግ ሞተ፤ መቃብሩም በጦርነት ጠፋ። በዓመቱ ኖቬምበር 7 ቀን በፓሪስ ጋሴንዲ የተባለ ካቶሊካዊ ቄስ የፀሐይን ምስል በወረቀት ላይ አሳርፎ ሲጠባበቅ፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ አየ።