በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ቺፕ ላይ ፕሮግራም ስለሚጻፍበት ሥርዓት

ከአዳማ በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚላክ ቦሎቄ ከመጫኑ አስቀድሞ ይለቀማል፤ ይመዘናል፤ ጆንያውም ምልክት ይጻፍበታል። በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ያለው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚሠራበት ፕሮግራምም እንደዚሁ ተሰናድቶ የሚላክ ዕቃ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 ነጋዴዎች በመሣሪያው እንዲጠቀሙ ስለ ደነገገ፣ የአሠራሩን መሠረት ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ባለሙያው የጻፈው ትእዛዝ ባይት ወደሚባሉ ቁጥሮች ይለወጣል። እያንዳንዱ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው።

ሁለተኛ፤ ባይቶቹ በቺፑ ውስጥ አድራሻ ይሰጣቸዋል። 32,768 ባይት በሚይዝ ቺፕ ላይ 30,000 ባይት ቢጻፍ 2,768 ባዶ ስፍራ ይተርፋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በ255 ይሞላል።

ሦስተኛ፤ ባይቶቹ ተደምረው ድምሩ ይመዘገባል፤ ቺፑ ከተጻፈ በኋላም እንደ ገና ተነቦ ይደመራል። ይሁን እንጂ ሁለት ጆንያዎች ቦታ ቢለዋወጡ የጭነቱ ክብደት እንደማይለወጥ ሁሉ፣ ሁለት ባይቶችም ቢለዋወጡ ድምሩ ያው ነው። ስለዚህ ቺፑን ከዋናው ቅጂ ጋራ ባይት በባይት ማስተያየት ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ የፕሮግራሙ ስም፣ የእትሙ ቁጥርና ድምሩ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ኢፕሮም በተባለው ቺፕ ላይ ወረቀቱ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ጽሑፉ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዳይጠፋ የቺፑን መስኮት ይሸፍን ነበር። ዛሬ የተስፋፋው ፍላሽ ግን የሚሰረዘው በኤሌክትሪክ ነው።

ፊስካል ሜሞሪ የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው። ሱቁ ሒሳቡን ሲዘጋ የዕለቱ የሽያጭና የታክስ ድምር ይጻፍበታል፤ የተጻፈውም እንዳይሰረዝ ሆኖ ታሽጓል። ፕሮግራሙ ተሳስቶ 15 በመቶውን ታክስ ቢያዛባ፣ ስሕተቱ ከደረሰኙ አልፎ ከማይፋቅ መዝገብ ይገባል።

ስለዚህ አስመጪው የእትሙን ቁጥርና ድምሩን ከፋብሪካው በጽሑፍ ይቀበል፤ ዕቃው ሲደርስም ያመሳክር። ባለሱቁም ማኅተሙን ራሱ አይክፈት፤ መሣሪያው ከጥገና ሲመለስ የመጀመሪያውን ደረሰኝ በእጁ ያስላ። ታክስ በሚከፈልበት የ100 ብር ዕቃ ላይ 15 ብር ካልታየ፣ ዕለቱ ሳይዘጋ ጠጋኙን ይጥራ።