ጊዜንና ድግግሞሽን በአነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ጠረጴዛ ላይ በትክክል መለካት፦ የማመሳከሪያው ጥያቄ

1. መግቢያ

ከአካላዊ መጠኖች መካከል የሰው ልጅ ከሁሉ በላቀ ትክክለኛነት የሚለካው ጊዜን ነው። ርዝመትን ወይም ክብደትን እስከ ሚሊዮንኛ ክፍል ድረስ በርግጠኝነት መለካት ውድ መሣሪያንና ልዩ ቤተ ሙከራን ይጠይቃል። ጊዜንና ድግግሞሽን ግን በዚሁ ደረጃ፣ እንዲያውም በሺዎች እጥፍ በላቀ ደረጃ፣ አንድ ተማሪ ወይም በትርፍ ጊዜው ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የሚውል ሰው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሊለካ ይችላል። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ድግግሞሽ በመሠረቱ በመቁጠር የሚለካ መጠን መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጂፒኤስ ሳተላይቶች የአቶሚክ ሰዓቶቻቸውን ምልክት ያለ ክፍያ ለመላው ዓለም ማሰራጨታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ከዕድሉ ጋር አንድ ችግር ይመጣል። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ ድግግሞሽ ቆጣሪዎች ዛሬ ስምንትና ዘጠኝ አኃዝ ያሳያሉ። አንድ ተማሪ የ10 ሜጋሄርዝ ኦሲሌተር ሠርቶ ቆጣሪው 10,000,030 ሄርዝ ቢያነብለት፣ የ30 ሄርዙ ልዩነት የኦሲሌተሩ ይሁን የቆጣሪው ከንባቡ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ሳይለይ ኦሲሌተሩን ለማስተካከል ቢነሣ፣ ትክክል የነበረውን ሊያዛባ ይችላል። በመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዦች ላይ የሚሰፍሩ ንባቦችም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም። ስለዚህ የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ ንባብ የሚታመነው እስከ ስንተኛው አኃዝ ድረስ እንደሆነ ለመወሰን የሚረዱትን መሠረታዊ ሐሳቦችና በአነስተኛ ወጪ ተግባራዊ የሚሆን አንድ ዘዴ ማቅረብ ነው።

2. መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች

በቅድሚያ ሰዓትን ማወቅና ጊዜን መለካት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ማጤን ይገባል። በአገራችን የቀኑ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ይቆጠራል፤ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት ቢኖርም የአንዱ ሰከንድ ከሌላው ሰከንድ አይረዝምም፣ አያጥርምም። የቆጠራው መነሻ በስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ የቆጠራው ፍጥነት ግን የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ድግግሞሽ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ሰከንድ እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ የሚተረጐመው በሲዚየም 133 አቶም ነው፤ ከአቶሙ ሁለት የኃይል ደረጃዎች ሽግግር ጋር የተያያዘው ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ ሲወዛወዝ አንድ ሰከንድ ይሞላል። በዚህ መርሕ የሚሠራውን የመጀመሪያ አስተማማኝ ሰዓት ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1955 በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሠርተዋል።

ሁለተኛው ሊጤን የሚገባው ልዩነት በትክክለኛነትና በመረጋጋት መካከል ያለው ነው። በየቀኑ ያለ ማወላወል ሁለት ሰከንድ የሚቀድም ሰዓት ትክክለኛ አይደለም፤ የተረጋጋ ግን ነው፤ ስሕተቱ ስለሚታወቅ በስሌት ሊታረም ይችላል። አንድ ቀን ቀድሞ በማግስቱ ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት ግን አማካዩ ትክክል ቢሆን እንኳ ለአጭር ጊዜ ልኬት አያገለግልም። መረጋጋት በልኬቱ ርዝመት የሚለያይ በመሆኑም ‹በአንድ ሰከንድ›፣ ‹በአንድ ሺህ ሰከንድ› እየተባለ ይገለጻል። ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው፣ በስሙም የሚጠራው የስታቲስቲክስ መለኪያ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ለዚሁ ነው።

3. ሁለት የአቆጣጠር ዘዴዎች

ቀላሉ ዘዴ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉትን ዑደቶች መቁጠር ነው። ቆጠራው በአንድ ዑደት ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ስለሚችል፣ ለ10 ሜጋሄርዝ ምልክት ይህ ስሕተት ከዐሥር ሚሊዮን አንድ ብቻ ነው። ለ50 ሄርዝ የመብራት መስመር ግን ከሃምሳ አንድ፣ ማለትም 2 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ዘዴው ተስማሚ አይደለም።

ሁለተኛው ዘዴ ግልባጩ ነው፦ የአንዱን ዑደት ርዝመት በፈጣን ሰዓት መቁጠርና ከዚያ ድግግሞሹን በማካፈል ማግኘት። የ50 ሄርዝ አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ይረዝማል። በ16 ሜጋሄርዝ ክሪስታል የሚሠራ ተራ ማይክሮኮንትሮለር በዚህ ጊዜ ውስጥ 320,000 ምት ይቆጥራል፤ የአንድ ምት ስሕተት ከሚሊዮን 3 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። (የመብራት መስመርን የሚለካ ሰው መስመሩን ከመሣሪያው የሚለይ አነስተኛ ትራንስፎርመር መጠቀም ይኖርበታል።) ነገር ግን የማይክሮኮንትሮለሩ ክሪስታል ራሱ ከሚሊዮን 15 የሚያህል ስሕተት ካለው፣ የቆጠራው ጥራት ብቻውን ፋይዳ የለውም። ጥያቄው ተመልሶ ወደ ማመሳከሪያው ይመጣል።

4. የማመሳከሪያ ምንጮች

በእጅ ሰዓቶች ውስጥ የሚገኘው የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይወዛወዛል። ቁጥሩ የተመረጠው ዐሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲካፈል አንድ ስለሚደርስ ነው። የተለመደው የስሕተት ወሰኑ ከሚሊዮን 20 ሲሆን፣ ይህም በቀን ወደ 1.7 ሰከንድ ይደርሳል። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በራቀ ቁጥር ክሪስታሉ ይዘገያል፤ ለምሳሌ በ10 ዲግሪ ከሚሊዮን 7 እስከ 8 ያህል ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህን ለመቀነስ ክሪስታሉን ሙቀቱ በማይለዋወጥ ትንሽ የጋለ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። እንዲህ ያሉ ኦሲሌተሮች ከአሮጌ የቴሌኮም መሣሪያዎች ተነቅለው በርካሽ ይሸጣሉ። በአጭር ጊዜ እጅግ የተረጋጉ ቢሆኑም፣ ክሪስታሉ በዕድሜ ብዛት ቀስ በቀስ ከቦታው ይንሸራተታል።

የጂፒኤስ መቀበያ ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ ያ ከተነሣ ወዲህ ግን ለጊዜ ልኬት የተሠራ መቀበያ በየሰከንዱ የሚሰጠው ምት በዐሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሰከንድ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ሲታይ ይዋዥቃል፤ ውዥቀቱ ግን አይጠራቀምም። የሳተላይቶቹ ሰዓቶች ዘወትር ከምድር የሚታረሙ በመሆናቸው ለረጅም ጊዜ አማካዩ ይታመናል።

5. ሁለቱን ማጣመር

በሁለት ተከራካሪዎች መካከል እውነቱን ለመለየት ምስክር እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ኦሲሌተርና ቆጣሪ በማይስማሙበት ጊዜ የሳተላይቱ ምት ምስክር ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። የመቀበያውን ምት ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ በማስገባት በሁለት ምቶች መካከል ክሪስታሉ ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ መመዝገብ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የ16 ሜጋሄርዝ ክሪስታል በ1,000 ሰከንድ ውስጥ በ16,000,000,000 ፈንታ 16,000,240,000 ቢቆጥር፣ ክሪስታሉ ከሚሊዮን 15 ይፈጥናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ ክሪስታል የሚገኝ ንባብ ሁሉ በዚሁ መጠን ሊታረም ይችላል፤ የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ ግን ልኬቱ መደገም አለበት።

ልኬቱ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት በስሌት ይታወቃል። የምቱ ውዥቀት 20 ናኖሰከንድ ነው ብንል፣ በአንድ ሰከንድ የሚገኘው አንጻራዊ ስሕተት 2×10⁻⁸ ነው፤ በ1,000 ሰከንድ ወደ 2×10⁻¹¹ ይወርዳል፤ በአንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ወደ 2.3×10⁻¹³ ይጠጋል። የጋለው ኦሲሌተር መረጋጋት 2×10⁻¹¹ ከሆነ፣ የሁለቱ ብቃት በ1,000 ሰከንድ ላይ ይገናኛል። ከዚያ በታች ኦሲሌተሩ፣ ከዚያ በላይ ሳተላይቱ ይታመናል። ኦሲሌተሩን በሳተላይቱ ቀስ እያደረጉ የሚያርሙ መሣሪያዎች የሚሠሩትም በዚህ መርሕ ነው። እርማቱ ከሚገባው በላይ ከፈጠነ የሳተላይቱ ውዥቀት ወደ ኦሲሌተሩ ይጋባል፤ ከሚገባው በላይ ከዘገየም የኦሲሌተሩ መንሸራተት ሳይታረም ይቀራል።

6. በአገራችን ሁኔታ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነጥቦች

አንደኛ፣ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ አካባቢ የላይኛው የአየር ክፍል፣ ማለትም አዮኖስፌር፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሳተላይቱን ምልክት ሊያወላውል ይችላል። በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚቀበል ርካሽ መቀበያ ይህን መዘግየት በቀጥታ ለክቶ ማረም ስለማይችል፣ ጥንቃቄ የሚሻ ልኬት ከምሽቱ ሰዓታት ውጭ ቢካሄድ፣ ወይም ሙሉ ቀንና ሌሊትን እንዲሸፍን ቢደረግ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥ በሚያጋጥምበት ስፍራ የጋለው ኦሲሌተር ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ቀድሞ መረጋጋቱ ለመመለስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስድበታል። ስለዚህ በባትሪ መደገፉ ለልኬቱ ወሳኝ ነው።

ሦስተኛ፣ የአንቴናው ገመድ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ናኖሰከንድ ያህል ያዘገያል። ይህ ሰዓትን በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ ሰው መታረም ያለበት ስሕተት ነው፤ መዘግየቱ የማይለዋወጥ ስለሆነ ግን የድግግሞሽ ልኬትን አያዛባም። በክፍል 2 የተጠቀሰው ልዩነት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

አራተኛው ነጥብ ልኬቱ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ቶም ቫን ባክ የተባለ አሜሪካዊ የዘርፉ አፍቃሪ ሦስት የሲዚየም ሰዓቶችን በቤተሰብ መኪና ጭኖ ከልጆቹ ጋር ወደ ሬኒየር ተራራ በመውጣትና ቅዳሜና እሑድን እዚያ በመቆየት፣ ሰዓቶቹ ቤት ከቀሩት በ20 ናኖሰከንድ ገደማ ቀድመው መመለሳቸውን አሳይቷል። ከፍ ባለ ስፍራ ጊዜ እንደሚፈጥን የአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ የሚተነብየውም ይህንኑ ነው። በዚሁ ስሌት መሠረት፣ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰዓት በባሕር ወለል ላይ ካለው በየቀኑ ወደ 22 ናኖሰከንድ ይቀድማል።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው እንደምንረዳው፣ የአንድ ንባብ ታማኝነት የሚወሰነው መሣሪያው በሚያሳየው የአኃዝ ብዛት ሳይሆን ከጀርባው ባለው ማመሳከሪያ ነው። ይህ ዘዴ ሕጋዊ የመለኪያ ማረጋገጫ ወረቀትን አይተካም፤ ንግድና ሕግ ነክ ለሆኑ ልኬቶች ሥልጣን ያለው ተቋም ምስክርነት አስፈላጊ ነው። ለተማሪና ለተመራማሪ ግን አንድ የጂፒኤስ መቀበያ፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለርና ጥቂት ትዕግሥት የመሣሪያዎቹን ስሕተት በቁጥር ለማወቅ ይበቃሉ። ስለሆነም በትምህርት ክፍሎች ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ የጋራ ማመሳከሪያ ቢተከል፣ በተማሪዎች ጽሑፎች ላይም ከእያንዳንዱ የድግግሞሽ ንባብ ጎን ማመሳከሪያው፣ የልኬቱ ርዝመትና የስሕተቱ ወሰን አብረው ቢሰፍሩ፣ አንዱ የደረሰበትን ውጤት ሌላው ደግሞ ለማረጋገጥ ይችላል።