አምስተኛው ሯጭ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአገር አቋራጭ ቡድን በአገር አቀፍ ውድድር ላይ



ባለፈው ዓመት ስለ ስኳር በሽታ ትምህርት ለመስጠት በአንድ የአዛውንቶች ማእከል ተገኝተን ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ አባት ስልካቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። አሜሪካ የሚኖረው የእኅታቸው የልጅ ልጅ ፎቶግራፍ ልኮላቸዋል፤ ልጁ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ይስቃል። «ልጆቼ፣ እስቲ አስረዱኝ» አሉን፤ «38ኛ ወጣሁ ይላል፤ ደግሞም አሸነፍን ይላል። 38ኛ የወጣ ሰው ምን ያሸንፋል? ይቀልድብኛል እንዴ?»

አይቀልድም። የአገር አቋራጭ ሩጫ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ሰው ቀድሞ ሲገባ ነው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ሩጫው በዋነኛነት የቡድን ውድድር ነው። ይህን የምንጽፈው ለስፖርት ወሬ ብለን ብቻ አይደለም። የቡድን አቆጣጠሩን የተረዳ ወላጅ ልጁ ሕመሙን ለምን እንደሚደብቅ ይረዳል፤ በሥራችንም ይህንኑ ደጋግመን አይተነዋል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት 7 ልጆች ይሮጣሉ፤ ርቀቱ ብዙ ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ከ7ቱ የመጀመሪያዎቹ 5 ልጆች የወጡበት ተራ ቁጥር ይደመራል፤ ትንሹን ድምር ያገኘ ቡድን ያሸንፋል። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለውን ሁሉ የያዘ ቡድን 15 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ የሚያንስ የለም። አንድ ምሳሌ እንስጥ። የመጀመሪያው ቡድን ልጆች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 30ኛ፣ 41ኛ እና 56ኛ ወጡ እንበል፤ ድምሩ 130 ነው። የሁለተኛው ቡድን ልጆች 14ኛ፣ 17ኛ፣ 19ኛ፣ 22ኛ እና 25ኛ ወጡ፤ ድምሩ 97 ነው። አሸናፊው ሁለተኛው ቡድን ነው። የወርቁንም የብሩንም ሯጭ የያዘው ቡድን ተሸነፈ ማለት ነው። 6ኛውና 7ኛው ልጅ በድምሩ ውስጥ ባይገቡም ከተፎካካሪው ቡድን አምስተኛ ልጅ ቀድመው ከገቡ የእርሱን ተራ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ሲያመጡም ብዙ ጊዜ የሚለያቸው 6ኛው ልጅ ነው።

ለአባታችን ይህን በወረቀት ላይ ደምረን አሳየናቸው። ወረቀቱን ጥቂት አዩና «ታዲያ ጉዳዩ ያለው ኋለኛው ልጅ ላይ ነዋ!» አሉ። እኛ በብዙ መስመር የጻፍነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ለሁለተኛ ደረጃ ልጆች የነበረው አገር አቀፍ ውድድር ለግለሰብ ሯጮች የሚደረግ ነበር። በ1979 ኪኒ በተባለ የጫማ ድርጅት ስም ተጀምሮ ኋላ ፉት ሎከር ተባለ፤ ፍጻሜው ለብዙ ዓመታት በሳን ዲዬጎ ከተማ በባልቦአ ፓርክ ተካሂዷል። ኋላ በኦሎምፒክ የሮጠው ዳታን ሪትዘንሃይን በ1999 እና በ2000 ያሸነፈው ይህንኑ ውድድር ነው። ቡድኖች ከመላው አገሪቱ ተሰብስበው የሚፎካከሩበት ውድድር ግን በፖርትላንድ፣ ኦሪገን የተጀመረው በ2004 በናይኪ ድርጅት አማካይነት ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ደንብ መሠረት ትምህርት ቤቶች የክፍለ ግዛታቸው የውድድር ወቅት ካበቃ በኋላ በትምህርት ቤታቸው ስም መሮጥ ስለማይፈቀድላቸው ልጆቹ በክለብ ስም ይመዘገባሉ። ለምሳሌ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ያለው የፌየትቪል-ማንሊየስ ትምህርት ቤት ቡድን «የማንሊየስ ክለብ» ተብሎ ሮጧል።

ይህ ትምህርት ቤት በሲራክዩስ ከተማ አጠገብ ያለ ተራ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የሴት ልጆች ቡድኑ ቢል ኤሪስ በተባለ አሠልጣኝ እየተመራ ከ2006 እስከ 2012 ለ7 ተከታታይ ዓመታት፣ ከዚያም ከ2014 እስከ 2017 ለ4 ዓመታት ብሔራዊ ውድድሩን አሸንፏል። ይህም በ12 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ መሆኑ ነው። በ2014 ወንዶቹም አሸንፈዋል። ቡድኑን ያስከበረው አንድ ኮከብ ሯጭ አይደለም፤ አምስቱ ልጆች ተቀራርበው መግባታቸው ነው።

በፊት በክልላቸው ማንም ያልደፈራቸው ቡድኖች ለምን በአገር አቀፉ ወደ ኋላ ይወድቃሉ? ምክንያቱ በአብዛኛው መጨናነቁ ነው። በሠፈር ውድድር ላይ 10 ሰከንድ የዘገየ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ተራ ያጣል። በፖርትላንድ ግን 22 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 7 ልጆች ሲያሰልፉ 154 ናቸው፤ ለብቻቸው ያለፉት ግለሰብ ሯጮች በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ሁሉም ፈጣን ስለሆኑ እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው ይገባሉ፤ ያው 10 ሰከንድ ከመካከል ላለ ልጅ ብዙ ተራ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ልጅ ቢደክም ቡድኑ ጥቂት ነጥብ ያጣል፤ አምስተኛው ቢደክም ግን ቡድኑ ይፈርሳል።

ሌላው ጊዜው ነው። የአሜሪካ ልጆች ልምምድ የሚጀምሩት በነሐሴ ሙቀት ነው፤ የፖርትላንዱ ውድድር የሚደረገው በዲሴምበር መጀመሪያ በብርድ፣ በዝናብና በጭቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ለአራት ወር ያህል ሮጠዋል፤ ተፈትነዋል፤ ጉንፋን ይዟቸው ለቋቸዋል። በኖቬምበር የገባ አንድ ጉንፋን በአንድ መኪና ተሳፍረው የሚሄዱትን ሰባቱንም ሊያዳርስ ይችላል። በዓመቱ ውስጥ የተጠራቀመው ድካም፣ የደም ማነሱ፣ የአጥንት ሕመሙ ሁሉ የሚታየው በመጨረሻው ውድድር ላይ ነው።

የጤናው ጉዳይ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ለብቻው የሚሮጥ ልጅ ሲያመው ያቆማል። ለቡድን የሚሮጥ ልጅ ግን «እኔ ካቆምኩ ስድስቱ ጓደኞቼ ይወድቃሉ» ብሎ ያስባል፤ ስሌቱም እውነት ነው።

በምንሠራበት ከተማ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በቲኾኗ የሩጫ ቡድን ውስጥ ነበረች። እናቷ ወደ እኛ የመጡት ስለ ራሳቸው የደም ግፊት ነው፤ ልጅቷን በወሬ መካከል አነሷት፦ «ሌሊት እግሯን ይዛ ትነቃለች፤ ማደጓ ነው ብዬ ዝም አልኩ።» ልጅቷን አነጋገርናት። ቅልጥሟ ላይ በአንድ ጣት የምታሳየው አንድ ቦታ ያማታል። ለአሠልጣኟ አልነገረችም፤ ከአሥር ቀን በኋላ ውድድር ነበራቸው። ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ ላክናት፤ በምርመራ የአጥንት ስንጥቅ ተገኘ። እኛም ጥፋት አለብን፤ ከሁለት ወር በፊት ያቺው ልጅ ለክትባት መጥታ ስታነክስ አይተናት ነበር፤ አልጠየቅናትም።

ሁሉም የእግር ሕመም ስንጥቅ አይደለም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሁለቱም እግር ቢዝልና በሁለት ቀን ቢለቅ የጡንቻ ድካም ነው። ነገር ግን ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሲነካ የሚብስ ከሆነ፣ ሲሮጥ እየጨመረ ሄዶ በዕረፍትም ሆነ በሌሊት የማይለቅ ከሆነ ሩጫው ይቁምና ወደ ኩፓት ሖሊም ይወሰድ። የአጥንት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕረፍት ይፈልጋል፤ ተደብቆ ከተሮጠበት ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል። የሚያስታግስ ክኒን ውጦ መሮጥ ደግሞ ሕመሙን እንጂ ስንጥቁን አያድንም።

ስንጥቁ ለምን መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ልምምዱ በድንገት በዝቶ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን በየቤታችን ማዕድ ላይ ነው፤ ልጁ የሚያወጣውን ኃይል ያህል አይበላም። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ይህንን ችግር ስም ሰጥቶ ገልጾታል። ምግቡ ሲያንስ ሰውነት ቁጠባ ይጀምራል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ የሴት ልጆች የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቆማል። ወንዶችንም ይነካል፤ በእነርሱ ላይ ግን ቶሎ አይታይም።

ሜሪ ኬይን የተባለችው አሜሪካዊት ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች አገር ያወቃት ሯጭ ነበረች። በ2019 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደተናገረችው፣ በኋላ በገባችበት የባለሙያ ቡድን ክብደቷን እንድትቀንስ ይገፏት ነበር፤ የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት ቆመ፤ አምስት አጥንቶቿም ተሰበሩ።

እናቶች ሆይ! በእኛ ቤት ስለ ወር አበባ ከሴት ልጅ ጋር መነጋገር ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። በአገር ቤት ለዚህ የተለየ ጎጆ ነበረው፤ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ስለምትኖር ካልጠየቅን አናውቅም። የምትሮጥ ልጅ የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ሐኪም ይያት። አባት መጠየቅ ቢያፍር አክስት ወይም አያት ትጠይቅ።

የደም ማነስም አለ። ሯጭ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ የብረት ክምችቷ ሊያልቅ ይችላል። ሄሞግሎቢን ገና ደህና ሆኖ ሳለ ክምችቱ ብቻ ሲያንስ እንኳ ልጁ ይደክማል፤ ስለዚህ ሐኪሙን ስለ ፈሪቲን ምርመራም ጠይቁት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሥጋና የጤፍ እንጀራ ብረት አላቸው። ነገር ግን ምግቡ ላይ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና ከተጠጣ ሰውነት ብረቱን በደንብ አይወስደውም። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይበቃል (ቡና ተዉ አላልንም፤ ብንልም የሚሰማን የለም)። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከወጡ ጋር ቢቀርብ ደግሞ ይረዳል። የብረት ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ፤ ሕፃናት ቢውጡት ለሕይወት ያሰጋልና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ከልምምድ የሚመጣ ልጅ ማታ እስኪሰበሰብ ድረስ ባዶ ሆዱን እንዳይቆይ፤ ዳቦና እንቁላል ወይም የተረፈ ወጥ ወዲያው ይብላ። እንቅልፍ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። በጾም ቀንና በማግስቱ ልምምድ አይኑር፤ አሠልጣኙ ካላወቀ ንገሩት። በሻራብ ቀን ስለሚደረግ ልምምድ ደግሞ መጠየቅ አትፈሩ፤ የሙቀት ምት ጤነኛ ወጣትንም ይገድላል።

አሠልጣኞችን ለመውቀስ አይደለም። በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የዮርክ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ የነበረው ጆ ኒውተን በ2004 የመጀመሪያውን የፖርትላንድ ውድድር በወንዶች አሸንፏል፤ በሕይወቱም 28 የክፍለ ግዛት ዋንጫ ወስዷል። ቡድኑ ውስጥ ፈጣኑም ዘገምተኛውም በብዛት ነበሩበት፤ እርሱ ግን የእያንዳንዱን ልጅ እጅ በየቀኑ ይጨብጥ ነበር። በየቀኑ እጅህን የሚጨብጥ ሰው ስታነክስ ያይሃል። እኛ ያቺን ልጅ አይተን ዝም ያልነው ይህን ስላላደረግን ነው።

በእስራኤልም የቡድን ድምር ምን እንደሚያመጣ በቅርቡ አይተናል። በ2022 በሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና በወንዶች ማራቶን ማሩ ተፈሪ 2ኛ፣ ጋሻው አያሌ 3ኛ ወጡ፤ የሦስት ሯጮች ሰዓት ሲደመር ግን የቡድኑ ወርቅ የእስራኤል ሆነ። ማሩ በሚቀጥለው ዓመት በቡዳፔስት በዓለም ሻምፒዮና ብር ሲያገኝ 31 ዓመቱ ነበር። በ15 ዓመት ልጅ እግር ላይ የሚጣደፍ ሰው ይህን ዕድሜ ቢያስብበት እንወዳለን።

ልጅቷ ያንን ውድድር አልሮጠችም። ለአሠልጣኟ ስንነግረው አብረናት ሄድን፤ እናቷም መጡ። በመጀመሪያ አለቀሰች፤ ጓደኞቿ ግን ውድድሩ ዕለት ውኃ እንድትይዝላቸው ጠሯትና ሄደች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ትሮጣለች፤ ማታ እግሯን ይዛ አትነቃም። እናቷ ባለፈው ወር ለደም ግፊታቸው ሲመጡ ጠየቅናቸው፦ «የወር አበባውስ?» አልናቸው። «ጠየቅኋት» አሉን፤ «መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ነገረችኝ።»