መልእክት በኮምፒውተር መረብ ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ



ባለፈው ክረምት በውጭ አገር የሚገኘው ታላቅ ወንድሜ የምስክር ወረቀቱን ፎቶግራፍ በስልክ ሲልክልን በመካከሉ መብራት ጠፋና ኔትወርኩም ዐብሮ ተቋረጠ። እናቴም ደንግጣ፥ «ልጄ፥ ወረቀቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው? ግማሹ ቢጠፋስ ማን ይመልስልናል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ኮምፒውተር የምማር ሆኜ ሳለሁ ልመልስላት አልቻልሁም። ጥቂት ቈይቶ ፎቶግራፉ አንዲት ፊደል ሳትጐድል ደረሰ፤ እንዴት እንደ ደረሰ ግን አላወቅሁም ነበር። ይህን አነስተኛ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ መልእክት በመረብ ውስጥ ሲጓዝ ሙሉውን እንዳለ የማይሄድ መሆኑ ነው። ላኪው ኮምፒውተር መልእክቱን ይቈራርጠዋል፤ እያንዳንዱም ቍራጭ ፓኬት ይባላል። አንድ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ 40 ባይት ያህሉ ለአድራሻና ለመቈጣጠሪያ ስለሚውል ለመልእክቱ የሚተርፈው 1,460 ባይት ነው። እንግዲህ የፎቶግራፉ መጠን 1,460,000 ባይት ቢሆን ፎቶግራፉ 1,000 ፓኬት ሆኖ ይላካል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፓኬት ራስጌ ላይ የላኪው አድራሻ፥ የተቀባዩ አድራሻ፥ እንዲሁም ቍራጩ ከጠቅላላው መልእክት ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር የሚያመለክት ተራ ቍጥር ይጻፋል።

ፓኬቶቹን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሸጋግሯቸው ራውተር የሚባሉ መሣሪያዎች ናቸው። ራውተር በመንታ መንገድ ላይ የቆመ ዘበኛን ይመስላል፤ አድራሻውን ተመልክቶ «በዚህ በኩል እለፍ» ይላል እንጂ መንገዱን እስከ መጨረሻው አያውቀውም። ከዚህም የተነሣ ፓኬቶቹ በልዩ ልዩ መንገድ ሊሄዱና 7ኛው ከ5ኛው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ወረፋው የሞላበት እንደ ሆነ ደግሞ ራውተሩ ትርፉን ፓኬት ይጥለዋል። መንገድ የሳተ ፓኬትም ሲዞር እንዳይኖር በራስጌው ላይ የተወሰነ ቍጥር ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ራውተር ከዚያ ላይ አንድ ይቀንሳል፤ ቍጥሩ ዜሮ ሲሆን ፓኬቱ ይጣላል።

ታዲያ መረቡ ራሱ ዋስ የማይሆን ከሆነ የወንድሜ ወረቀት እንዴት በሙሉ ደረሰ? ምስጢሩ በመንገዱ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ዳርቻ፥ ማለት በላኪውና በተቀባዩ ዘንድ ነው። ነጋዴ ገንዘብ ሲቀበል ደረሰኝ እንደሚሰጥ ሁሉ ተቀባዩም ኮምፒውተር «እስከዚህ ድረስ ደርሶኛል» የሚል ደረሰኝ ይልካል። ላኪውም ደረሰኙ እስኪመጣለት ድረስ የላከውን ግልባጭ ይዞ ይቈያል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልመጣለት ፓኬቱ እንደ ጠፋ ቈጥሮ እንደ ገና ይልከዋል። ተቀባዩ ሁለት ጊዜ የደረሰውን ትቶ፥ የተዘበራረቀውን በተራ ቍጥሩ መሠረት ይገጣጥመዋል። መቋረጡ የረዘመ እንደ ሆነ ግን ግንኙነቱ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ የመልእክት መላኪያው ፕሮግራም መስመሩ ሲመለስ አዲስ ግንኙነት ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል።

ይህን ሥርዐት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 በጽሑፍ ያወጡት ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ናቸው። ኋላም በሁለት ተከፍሎ፥ አድራሻውንና መንገዱን የሚመለከተው ክፍል አይ.ፒ.፥ ተራ ቍጥሩንና ደረሰኙን የሚመለከተው ክፍል ቲ.ሲ.ፒ. ተባለ። አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ የምርምር መረብም ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 በዚሁ ሥርዐት መሥራት ጀመረ።

ይሁን እንጂ ደረሰኝ ብቻውን አልበቃም። በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ፥ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል፥ 400 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፥ በሴኮንድ 32,000 ቢት ይተላለፍ የነበረው ወደ 40 ቢት ወረደ። ኮምፒውተሮቹ ደረሰኝ በዘገየባቸው ቍጥር ያንኑ ፓኬት ደጋግመው ሲልኩ መንገዱን አጨናንቀውት ነበርና። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ይህ ነው። ቫን ጄከብሰን የተባለው ሊቅ በ1988 ባወጣው ጽሑፍ መፍትሔውን ገለጠ፤ ይኸውም ላኪው በጥቂቱ እንዲጀምር፥ ደረሰኝ ሲመጣለት እየጨመረ እንዲሄድ፥ ፓኬት ሲጠፋበት ግን መጠኑን እንዲቀንስ ነው።

መምህራችን ይህን በክፍል ውስጥ በተግባር አሳይተውናል። አንድ ደብዳቤ በ10 ብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፥ ቍጥር ተሰጥቶት፥ በልዩ ልዩ ወንበሮች በኩል ከፊት ወደ ኋላ ተላለፈ። አንዱን ብጣሽ መምህራችን በስውር ኪሳቸው ከተቱት። የኋላው ተማሪ 6ኛው አለመድረሱን ከቍጥሩ ዐውቆ አስታወቀ፤ የፊተኛውም ከግልባጩ ገልብጦ ላከለት። ደብዳቤው ተሟልቶ ሲነበብ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እናንተም ብትሞክሩት ከብዙ ገለጻ ይልቅ ያስረዳችኋል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ ጥቂት አሰበችና፥ «እንግዲያው እኛ ደረሰን እስክንለው ድረስ የወንድምህ ስልክ ግልባጩን አልጣለውም ነበር ማለት ነው» አለችኝ። ነገሩ በትክክል ገብቷታል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ አንዱን መልእክት አሥር ጊዜ ለመላክ አንቸኵል። እኛ ስንጠብቅ ኮምፒውተሩ ሥራውን አልተወም፤ ደረሰኙን እየጠበቀ ነው።